የላይኞች ሰልፍ፣ የታችኞች ሰልፍ

የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት ክፍል ሠራተኛ በትክክለኛ ስሟ የሚያውቃት ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ ሙጫ ናት። መምህራኑ «እትዬ ሙጫ» ይሏታል፤ ልጆቹ ዞር ስትልላቸው «ሙጫዬ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት የተገነጠለ መጽሐፍ ስትለጥፍ ዕድሜዋን በመፍጀቷ ነው ይባላል። አንድ ቀን ከእሷ ጋር የተጨቃጨቀ ሰው ግን ሌላም ምክንያት እንዳለው ያውቃል፤ ነገር ከያዘች አትለቅም።

ክፍሏ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጎን ያለች፣ በሰንደቁ አንጻር አንድ መስኮት ብቻ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። መደርደሪያው ከተሰባበረ ዴስክ ጣውላ የተሠራ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ የሙጫ ጣሳ፣ ጸጉሩ የረገፈ ብሩሽ፣ መርፌና የጫማ ክር፣ የተለጠፈውን መጽሐፍ የምትጫንበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሙጫ ያስለመዳት ባሏ ነው። ጎሚስታ ነበር፤ እሱ ጎማ ይለጥፋል፣ እሷ መጽሐፍ። «እኔ የምለጥፈው ይሮጣል፣ አንቺ የምትለጥፊው ቁጭ ይላል» እያለ ያበሽቃት ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

እዚያ ትምህርት ቤት መጽሐፍ በቅቶ አያውቅም። አንዱ ለሁለት ተማሪ ነው የሚሰጠው። ሌላ ሰው ቢሆን በስም ጥሪ ቅደም ተከተል ያድለውና ይገላገላል፤ ከዚያ የከተማው ዳር የሚመጣ ልጅ ከወዲህኛው ዳር ልጅ ጋር ይጣመራል፣ ቀድሞ የወሰደው ዓመቱን ሙሉ አቅፎት ይከርማል፣ ሌላው የመጽሐፉን ወሬ ይሰማል። ሙጫ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንላትም። በመስኮቷ አንገቷን አስግጋ ልጁን ታየውና «ቤታችሁ ከማን ቤት ጋር ነው አጥር የሚጋራው?» ትለዋለች። ሕጓ ይኸው ነው፤ አጥር ለአጥር። አጥር የሚጋሩ ሁለት ልጆች አንድ መጽሐፍ ይወስዳሉ፤ አንድ ሳምንት እዚህ ቤት ያድራል፣ አንድ ሳምንት እዚያ ቤት፤ የቸገረው ደግሞ ማታ በአጥሩ ላይ «እስቲ አንዴ አቀብለኝ» ይላል። መምህራኑ መጀመሪያ ሳቁባት። በኋላ የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ «መጽሐፍ አልነበረኝም» ማለት ሲያቅተው መሳቁን ተዉት።

እንግዲህ ስለ አጥር ካነሳን አይቀር፣ የሰፈሩን ነገር ልንገራችሁ። በዋናው መንገድ ላይኛ ጫፍ አንድ የጸሎት ቤት አለ፣ በታችኛው ጫፍ ሌላ። የላይኛው ምዕመናን ላይኞች፣ የታችኛው ታችኞች ይባላሉ። በምን በምን እንደሚለያዩ እኔን አትጠይቁኝ፤ እነሱም ሲጠየቁ ይቆጣሉ እንጂ አያስረዱም። በሁለቱ ጫፎች መሀል ግን ቤቱ ሁሉ ተደበላልቆ የተሠራ ነው፤ የላይኛው ግድግዳ ለታችኛው አጥር ነው፣ የታችኛው ጓሮ ለላይኛው መተላለፊያ ነው። ሲሠሩት ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ሙጫ ራሷ ላይኛ ናት። ደግሞ እንዲያው ለስሙ አይደለም፤ የጸሎት ሰዓት አታሳልፍም። ባሏ ታችኛ ነበር። በጸሎት ቀን አብረው ከቤት ይወጡና በሩ ላይ ተለያይተው እሷ ወደ ላይ፣ እሱ ወደ ታች። ሲመለሱ ራት ላይ ይገናኛሉ። ማን ትክክል እንደሆነ በዚያ ቤት አይነሳም። አዲስ ሙሽራ ሳለች አንድ ጊዜ አንስታበት ነበር። «ማን እንደተሳሳተ ስንሞት ይነግሩናል፤ እስከዚያው ራቱ እንዳይቀዘቅዝ» አላት። ከዚያ ወዲህ እሱ እስኪሞት ድረስ ራታቸው ቀዝቅዞ አያውቅም።

አሁን ቤት የቀረችው የልጅ ልጇ ናት፤ እናቷ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ገብታ እሷን ለአያቷ ትታት ሄደች። ድንቡሼ ትባላለች። ሕፃን ሳለች ጉንጯ የሚነከስ ነበር፤ ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ደርሳ እንደ መጥረጊያ እንጨት ቀጥናለች፣ ስሙ ግን እንዳለ አለ። ድንቡሼ አንድ ሳምንት ከአያቷ ጋር ወደ ላይ ትሄዳለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከጎረቤታቸው ከልብስ ሰፊው ቤተሰብ ጋር ወደ ታች ትሄዳለች። ይኼኛውን «የአባባ ተራ» ትለዋለች፤ ወንድ አያቷ በሕይወት ሳለ ይዟት የሚሄደው እሱ ስለነበር። የልብስ ሰፊው ልጅ የክፍል ጓደኛዋ ናት፣ አጥር ይጋራሉ፣ የሒሳብ መጽሐፍም ይጋራሉ። ለሙጫ ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ ዓለም ላይ የገጠመላት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

ከዚያ ቆርቆሮው መጣ።

የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ጣሪያ ያፈስ ነበር። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ «ለከርሞ በጀት ይያዛል» ሲል ስንት ከርሞ አለፈ። በመጨረሻ አንድ የታወቀ የብረታ ብረት ነጋዴ፣ ታችኛ ነው፣ ቆርቆሮውን እኔ እችላለሁ አለ። ቻለም። ሙጫ ከልቧ መረቀችው፤ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር የሚበሰብሰው መጽሐፍ የሷ ነውና። ባለ ቆርቆሮው በለውጡ የጠየቀው ትንሽ ነገር ነው። ጠዋት ልጆቹ ከሰንደቁ ሥር ሲሰለፉ የታችኞች ሰባኪ «ሁለት ቃል» ይናገር። ሁለት ቃል ብቻ! ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ርዕሰ መምህሩን ደግሞ እወቁት። ያለ «እንግዲህ» አንድ ዓረፍተ ነገር መጀመር የማይችል፣ እምቢ የሚባል ቃል እናቱ ያላስተማረችው ሰው ነው። ከኋላው አቶ እንግዲህ ይሉታል። ቢሮው ግድግዳ ላይ በመስታወት የተለበጠ መመሪያ ተሰቅሏል፦ ይህ ትምህርት ቤት የሕዝብ ነው፣ በዚህ ግቢ ማንም የማንንም እምነት አይሰብክም። ባለ ቆርቆሮው የሰባኪው ፎቶ ያለበት የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ በስጦታ ሲያመጣለት፣ አቶ እንግዲህ በዚያ ሁሉ ባዶ ግድግዳ ሌላ ምስማር አጣና እዚያው መመሪያው ላይ ሰቀለው። ዓይን ያወጣ ነገር!

ሁለቱ ቃል ሩብ ሰዓት ሆነ፣ ሩብ ሰዓቱ ግማሽ ሆነ። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ከሰንደቁ ሥር እየተበላ አለቀ። ይሄኔ ላይኞች ነቁ። ሽማግሌዎቻቸው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ቢሮ ገቡና «እኛስ? ግብር አንከፍልም? ልጆች የሉንም?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አከርካሪ ያለው ሰው ቢሆን «ልክ ናችሁ፤ እናንተም እነሱም አትሰብኩም፣ መስበክ ካስፈለጋችሁ በየቤታችሁ» ብሎ ይገላግለው ነበር። አቶ እንግዲህ ግን ፍትሕ ሲባል ማካፈል ብቻ የሚመስለው ሰው ነው። ለእነሱም ሰጣቸው። አንዱ ሰባኪ በድምፅ ማጉያ ከቀኝ፣ ሌላው በድምፅ ማጉያ ከግራ። የሚሰማ አልነበረም፤ የሚደነቁር ብቻ ነበር።

ጩኸቱ ሲበዛ አቶ እንግዲህ ሌሊት ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ ጥበብ ይዞ መጣ። «እንግዲህ ለሰላም ሲባል» አለ፣ «ላይኞች ከሰንደቁ በስተቀኝ፣ ታችኞች በስተግራ ይሰለፋሉ። የየራሳቸውን ይሰማሉ። ወደ ክፍልም በየሰልፋቸው ይገባሉ፣ በየሰልፋቸው ይቀመጣሉ።» ሲናገር ፊቱ በራ። ጉድ እኮ ነው! እስከዚያ ቀን ድረስ ማን ምን እንደሆነ የማያውቁ ልጆች ግራና ቀኝ ይፈለጉ ጀመር። አንዱ የአንደኛ ክፍል ማሙሽ «እኔ ምንድን ነኝ?» እያለ መምህሩን ሲጠይቅ፣ መምህሩ «ቤት ሄደህ ጠይቅ» አለው። ሄዶ ጠየቀ። በማግሥቱ ጓደኛውን ትቶ መጣ።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ግራና ቀኝ ሲል ድንቡሼ ሰንደቁ ሥር ብቻዋን ቀረች። አቶ እንግዲህ በድምፅ ማጉያው ጠራት።

«አንቺ! የየትኞቹ ነሽ?»

«የሁለቱም።»

«እንግዲህ የሁለቱም የሚባል ሰልፍ የለም። እስከ ሰኞ ወስነሽ ትመጫለሽ፤ ካልወሰንሽ ክፍል አትገቢም።»

ሙጫ በመስኮቷ ሁሉን ሰማች። ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ወርውራ ቢሮው ገባች፤ አላንኳኳችም።

«ስሙኝማ ጌታው። ይቺ ልጅ የወንድ አያቷን ሰልፍ ትምረጥ ወይስ የሴት አያቷን? የሞተውን ትካድ ወይስ ያለሁትን?»

«እትዬ፣ ይረጋጉ። እንግዲህ ማንም ካዱ አላለም። ለአሠራር እንዲያመች ነው።»

«አሠራር! ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ምን ይላል?»

አቶ እንግዲህ ዞሮ አየ። የቀን መቁጠሪያው ላይ ሰባኪው ፈገግ ብሏል።

«እንግዲህ መመሪያው እንዳለ ነው» አለ። «በነገራችን ላይ መጽሐፍም በሰልፍ እንዲሆን ነው የታሰበው። ላይኛ ከላይኛ፣ ታችኛ ከታችኛ ጋር ይጣመር። አሁን ያለው በያዘው እጅ ይቆይ።»

«አጥሩስ?»

«የምን አጥር?»

ሙጫ አፍጥጣ አየችው። ሰውየው እውነቱን ነው፤ ስንት ዓመት ጎኑ ተቀምጣ ስትሠራ ምን እንደምትሠራ አያውቅም። በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች።

ወገን አለኝ ብላ ወደ ላይ ወጣች። የላይኞች ሽማግሌ በደንብ ያውቋታል፤ ልጇን ስትድር መርቀውላታል። «አባባ፣ እባክዎ እኛ እንኳን እንተወው፤ እኛ ከተውነው እነሱም ያፍራሉ» አለቻቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጧትና «ልጄ፣ እኔስ አልጠላሁም፤ ግን እኛ ከተውን እነሱ ያሸንፋሉ» አሏት። ወደ ታች ወረደች። ባሏን የቀበረው የታችኞች ሰባኪ በር ላይ ቆሞ «እናቴ፣ እኔስ አልጠላሁም፤ ግን እኛ ከተውን እነሱ ያሸንፋሉ» አላት። ቃል በቃል! ስንት ዘመን አልተግባባንም ሲሉ የኖሩ ሰዎች በዚህ ላይ ገጥመው ተገኙ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል። ሙጫ ወደ ቤቷ ስትመለስ በንዴት ብቻዋን እያወራች ነበር፤ መንገደኛ ዞር ብሎ ያያታል።

ማታ ድንቡሼን አስቀምጣ «እኔ አልመርጥልሽም» አለቻት። «ደስ ወዳለሽ ሂጂ። አያትሽ ቢኖር እንደዚሁ ነበር የሚልሽ።» ስትናገረው ደረቷ ተነፍቷል። ለራሷ እውነት መስሏት ነበር።

ሰኞ ጣሪያው የሚመረቅበት ቀን ነው። ባለ ቆርቆሮው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በመኪና መጥቶ፣ ሁለቱም ሰባኪዎች በየጎናቸው ተገትረው፣ ወላጆች አጥሩን ይዘው። ሙጫ ከመስኮቷ አልወጣችም። ድንቡሼ ቦርሳዋን ይዛ በበሩ ገባች። ሰንደቁ ሥር ስትደርስ ቆም አለች፣ ቀኝ አየች፣ ግራ አየች። ከዚያ ወደ ግራ ሄደች፤ ወደ ታችኞች። የልብስ ሰፊው ልጅ አጠገብ ገብታ ቆመች።

ታችኞች አጨበጨቡ። ባለ ቆርቆሮው እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

ሙጫ ግን የመጽሐፍ መጫኛ ድንጋዩን ከጠረጴዛዋ አነሳች። ታቅፋው መስኮቷ ሥር ተቀመጠች። «ከድታኝ ሄደች» የሚል ነገር ከሆዷ ወጣ፤ ቀጥሎም «ልብስ ሰፊው ነው ያሳታት፣ ስንት ጊዜ አምኜው ላክኋት!» የሚል። ይህን ሁሉ ቀን ስትናደድባቸው የከረመቻቸው ሰዎች የሚሉትን አንድም ሳታጎድል አለችው። ሰምታው ደነገጠች። አልጠፋም ግን፤ ከደረቷ ሥር እንደ ፍም ቁጭ አለ። አየ ሙጫ! ደስ ወዳለሽ ሂጂ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?

የታችኞች ሰባኪ እንዲህ ያለ ቀን አያሳልፍም። ድንቡሼን እጇን ይዞ ወደ ፊት አወጣትና ድምፅ ማጉያውን አፏ ላይ ደገነላት።

«ልጄ ሆይ! በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተናገሪ። ወደዚህ ምን ጠራሽ?»

ድንቡሼ ድምፅ ማጉያውን አየች።

«የሒሳብ መጽሐፉ» አለች።

«ምን?»

«መጽሐፉ በዚህ ሳምንት እሷ ጋ ነው። ሐሙስ ፈተና አለን። ወደዚያ ሰልፍ ከሄድኩ አብሬያት አልቀመጥም፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ መጽሐፉ በያዘው እጅ ይቆይ ብለዋል።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ጋ ነው። ያኔ እሷ ወደዚያ ትምጣ።»

መጀመሪያ የሳቀው ከአጥሩ ውጪ የቆመ አንድ ሹፌር ነው። ከዚያ ከላይኞች ሰልፍ አንድ ልጅ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «የሳይንሱ እኛ ጋ ነው!» ብሎ ጮኸ። «የእንግሊዝኛውስ?» አለ ሌላው። «እኔ ጋ!» «የኔን ማን ወሰደው?» በአንድ ጊዜ ግቢው ተደበላለቀ። አጥር የሚጋሩ ልጆች እርስ በርስ እየተጠራሩ፣ የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ሮጠ፤ ያ የአንደኛ ክፍል ማሙሽም ጓደኛውን አንገቱን አንቆ ያዘው። አቶ እንግዲህ በድምፅ ማጉያው «እንግዲህ... እንግዲህ...» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚለው አልመጣለትም። የላይኞች ሰባኪ የታችኞቹን አየ፣ የታችኞቹ የላይኛውን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም አብረው ዝም አሉ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ብልጥ ነው። ጋዜጠኛ ባይኖርም ስልኩን የደገነ ወላጅ ብዙ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና «ይህ አሠራር ከመጀመሪያውም ትክክል አይደለም ብዬ ነበር» አለ። ለማን እንዳለ እግዜር ይወቅ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያኔውኑ ሰልፉ እንደ ድሮው በክፍል እንዲሆን አዘዘ፤ ስብከቱም ቀረ። ገብቷቸው እንዳይመስላችሁ፤ አፍረው ነው። ባለ ቆርቆሮው ስሙ የተጻፈበትን ሰሌዳ አስነቅሎ ሄደ። ቆርቆሮው ተመቶ ስለነበር ቀረ። የቀን መቁጠሪያው እንኳ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልወረደም፤ «እንግዲህ ቀን ማየት ያስፈልጋል» ተባለ።

ሙጫ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከሳቋ ሥር ያ ፍም አልበረደም ነበር።

ማታ ራት አቅርባ ተቀመጡ። ሙጫ ነገር ከያዘች አትለቅም ብያችኋለሁ።

«መጽሐፉ እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ» አለች፣ እንደዋዛ፣ «ወደኛ ትሰለፊ ነበር?»

«አዎ።»

«በቃ? ለመጽሐፉ ብቻ? ለእኔ ብለሽ አይደለም?»

ድንቡሼ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ለአንቺ ብዬ ብሄድ አባባ ይቀየመኛል። ለአባባ ብዬ ብሄድ አንቺ ትቀየሚኛለሽ። እስከ ሰኞ ሳስበው ነበር፣ እማማ። ለመጽሐፍ ብሎ የሄደን ሰው ግን ማንም አይቀየመውም ብዬ ነው።» ቀና ብላ አየቻት። «አልተቀየምሽኝም አይደል?»

ሙጫ አልተቀየምኩም ልትል አፏን ከፈተች። የልጅቷ ዓይን ፊቷ ላይ ነበር። ያን መስኮት አሰበች፣ ያንን ድንጋይ፣ «ከድታኝ ሄደች» ያለችውን። ሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ «ወደኔ ነይ» ብሎ ያልጠየቃትን ባሏን አሰበች። ያን ቃል ተወችው። ልጅቷን ስባ ደረቷ ላይ ለጠፈቻትና በዚያው ብዙ ቆዩ።

ከአጥሩ ማዶ የልብስ ሰፊው ልጅ «ድንቡሼ! ነይ መጽሐፉን ተቀበይኝ፣ እኔ ጨርሻለሁ!» ብላ ተጣራች። የሚነሳ ጠፋ። ያን ማታ ራቱ ቀዘቀዘ።